በኬንታኪ ኮረብታ ላይ የተዘረጋ ማዕድ

በውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል የሚያፈላልጉ ወጣቶች የቤርያ ኮሌጅን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ የማይጠይቅ፣ ሁሉንም ግን በሥራ የሚያሰማራ የኬንታኪ ኮሌጅ ነው። የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ የሚከታተል አንባቢ ደግሞ ካርተር ውድሰን ከዚያ እንደተመረቀ አንብቦ ይሆናል። የሕግ ሰው ስሙን የሚያገኘው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 በሰጠው አሳዛኝ ፍርድ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ስባሪዎች ናቸው። ታሪኩም አንድ ክርስቲያናዊ ትምህርት ቤት ነጭና ጥቁርን፣ ወንድና ሴትን በአንድ ገበታ ለማስቀመጥ እንዴት እንደተነሣ፣ ለአንድ ትውልድ ያህል እንዴት እንደቻለ፣ ከዚያም ገበታው ከእጁ እንዴት እንደወጣ ይተርካል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1816 እስከ 1853፦ የባሪያ አሳዳሪው ልጅ

ጆን ግሬግ ፊ በ1816 በሰሜን ኬንታኪ፣ ብራከን በተባለ ወረዳ ተወለደ። አካባቢው ድንበር ነው፤ ከኦሃዮ ወንዝ ወዲህ ባርነት ሕጋዊ ነበር፣ ከወንዙ ማዶ ግን ክልክል። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ገበሬ ነበሩ። ወጣቱ ጆን ሰባኪ ለመሆን አስቦ ወንዙን ተሻገረና በሲንሲናቲ አጠገብ በሚገኘው የሌን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ሁለት የትምህርት ጓደኞቹ ዕረፍት ነሡት። ባልንጀራን እንደ ራስ ስለመውደድ የታዘዘውን እያነሡ፣ ባልንጀራን ገዝቶና ሸጦ ማደር ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ይሞግቱት ነበር። ፊ ብቻውን ወደ አንድ ጥሻ እየወረደ ይጸልይ ጀመር። ከዚያ ጸሎት ሲነሣ ባርነትን በግልጽ ለመቃወም ቆርጦ ነበር።

ውሳኔው የሚያስከፍለውን የተረዳው አገሩ ሲመለስ ነው። አባቱን ለማሳመን ደከመ፣ አልተሳካለትም፤ አባቱም ከውርስ ነቀሉት። ባሪያ አሳዳሪዎችን በቤተ ክርስቲያኑ አባልነት አልቀበልም በማለቱ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለቆች ነቀፉትና ከእነሱ ተለየ። ከዚያ በኋላ የትኛውንም የእምነት ክፍል ስም ያልያዙ፣ በባርነት እጁ የሌለበትን አማኝ ሁሉ የሚቀበሉ ትናንሽ ጉባኤዎችን መሠረተ። በየሰበካው ድንጋይና ዱላ ይጠብቀው ነበር፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ እየጎተቱ ከወረዳው አስወጥተውታል። መሣሪያ ግን አልያዘም።

በዚሁ ዘመን ጁሌት ማይልስ የተባለችውን ሴት ከአባቱ ገዝቶ አርነት አወጣት። የእርሷ ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል፣ መታለፍ ግን የለበትም። ጁሌት ነጻ ብትወጣም ልጆቿና የልጅ ልጆቿ በፊ አባት እጅ ቀሩ። በ1858 ሊሸጡ መሆኑን ስትሰማ ከኦሃዮ ተመልሳ በሌሊት ወንዙን ልታሻግራቸው ሞከረች። ተያዘች፣ ባሪያ አስኮበለለች ተብላ ፍራንክፈርት ከተማ እስር ቤት ተወረወረች፤ ከዚያም በሕይወት አልወጣችም። የቤርያ ኮሌጅ ደንብ ሲረቀቅ መሥራቹ የእርሷን መታሰር ሐዘን በልቡ ይዞ ነበር።

ከ1853 እስከ 1859፦ አሥር ቀን የተሰጣቸው ሰዎች

ፊን ወደ ማዲሰን ወረዳ የጠራው ካሲየስ ማርሴለስ ክሌይ ነው። ቦክሰኛው መሐመድ አሊ በልጅነቱ ይጠራበት የነበረው ስም መነሻው ይህ ሰው ነው። ክሌይ ባለጸጋ፣ ፖለቲከኛ፣ ሽጉጥና ጩቤ ከወገቡ የማይለይ የባርነት ተቃዋሚ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ከለምለሙ ሜዳ ተነሥቶ ወደ አፓላቺያ ተራሮች በሚያወጣው አገር የሚኖሩት ነጭ ገበሬዎች ባሪያ የላቸውም፣ ከባለ ብዙ መሬቶቹ ጋርም ጥቅማቸው አይገጥምም። እነሱን የሚያነቃ ሰባኪ ቢገኝ በምርጫ ድምፅ ባርነትን ቀስ በቀስ ማጥፋት ይቻላል ብሎ ያምን ነበር። ለፊ ቤት መሥሪያ መሬት ሰጠው። ፊም ስፍራውን ቤርያ አለው። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈችው ቤርያ የሰሙት ነገር እውነት መሆኑን ለማወቅ በየቀኑ መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሰዎች ከተማ ነበረች።

በ1855 ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ተሠራ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሳምንቱ ቀናት መማሪያ ይሆናል። መምህራኑ አብዛኞቹ ከኦበርሊን ነው የሚመጡት። ኦበርሊን በኦሃዮ የሚገኝ፣ ጥቁሮችንና ሴቶችን ከነጭ ወንዶች ጋር ማስተማር ከጀመሩት ቀደምት ኮሌጆች አንዱ ነው። ገንዘቡን በብዛት የምትረዳው የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ማኅበር ነበረች። በ1858 ጆን ሮጀርስና ባለቤቱ ኤሊዛቤት ሲመጡ ትምህርት ቤቱ ነፍስ ዘራ፤ ከባሪያ አሳዳሪ ቤት ሳይቀር ልጆች ይመጡ ጀመር።

ከክሌይ ጋር የነበረው ወዳጅነት ግን ተሰንጥቆ ነበር። በ1856 በተከበረው የነጻነት በዓል ላይ ሁለቱ በሕዝብ ፊት ተለያዩ። ፊ ከእግዚአብሔር ሕግ ጋር የሚጋጭ የሰው ሕግ፣ በተለይም ያመለጠን ባሪያ ለጌታው አስረክቡ የሚለው፣ ሊታዘዙት አይገባም አለ። ክሌይ ደግሞ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ሕግ ነው አለ። ከዚያ ቀን በኋላ የክሌይ ሽጉጥ ቤርያን አልጠበቃትም።

በ1859 የኮሌጁ ደንብ ተረቀቀ። መልካም ጠባይ ላለው ሰው ሁሉ በአነስተኛ ወጪ የተሟላ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በማንም የእምነት ክፍል ሥር እንዳይሆን፣ ባርነትንና ሰውን በዘር ማበላለጥን እንዲቃወም ተጻፈ። “ለሁሉ” የሚለው ቃል በባርነት አገር ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ጎረቤቱ ወዲያው ገባው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጆን ብራውን ባሪያዎችን አስታጥቆ ለማስነሣት ሃርፐርስ ፌሪን ወረረ። የደቡብ አገር ሁሉ በፍርሃት ተናጠ። ፊ በዚያን ጊዜ ለኮሌጁ ገንዘብ ለማሰባሰብ ኒው ዮርክ አጠገብ ብሩክሊን ነበር፤ እዚያ ስለ ብራውን የተናገረው በጋዜጦች ተጣሞ ኬንታኪ ደረሰ። ጦርነት እየሰበከ ነው ተባለ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 60 ያህል የታጠቁ ፈረሰኞች ኮረብታው ላይ ወጡ። ከቤት ቤት እየዞሩ በ10 ቀን ውስጥ ከኬንታኪ እንዲወጡ አስጠነቀቁ። መምህራኑ ለአገረ ገዢው ለማጎፊን አቤት አሉ። አገረ ገዢው ሊጠብቃቸው እንደማይችል ነገራቸው። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ቤተሰቦቹ ሕጻናቶቻቸውን ይዘው በክረምቱ ብርድ ወደ ሲንሲናቲ ተሰደዱ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ከ1864 እስከ 1865፦ የጦር ሰፈሩ ገበታ

ቤርያን የወለዳት የ1855ቱ ትምህርት ቤት ነው ይባላል። እኔ ግን እውነተኛው ልደቷ ካምፕ ኔልሰን በሚባለው የጦር ሰፈር ነው እላለሁ። በአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ መካከል የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ሲፋፋም በዚህ ሰፈር ከ10,000 በላይ ጥቁር ወታደሮች ለሰሜኑ ጦር ተመዘገቡ። ኬንታኪ ከኅብረቱ ስላልወጣች የሊንከን የነጻነት አዋጅ አይመለከታትም ነበር። ስለዚህ ኬንታኪያዊ ባሪያ ነጻ የሚወጣው ወታደር ሲሆን ነው። ሚስቱና ልጆቹ ግን የጌታቸው ንብረት እንደሆኑ ይቀራሉ። ቤተሰቦቹ ግን አልቀሩም፣ ወታደሮቹን ተከትለው መጡ።

በኅዳር 1864 የሰፈሩ አዛዥ 400 ያህል ሴቶችና ሕጻናት በብርቱ ውርጭ እንዲባረሩ አዘዘ፤ ጎጆአቸውም ፈረሰ። ከእነዚያ ውስጥ 102ቱ ሞቱ። ባሎቻቸው ለዚያው መንግሥት ዘብ ቆመው ነበር። ወሬው ሰሜኑን አገር ሲያስቆጣ ጦሩ የስደተኞች መጠለያ ለመሥራት ተገደደ፤ በመጋቢት 1865 ደግሞ የወታደሮች ሚስቶችና ልጆች ነጻ መሆናቸውን ኮንግረስ አወጀ።

ፊ በ1864 ወደ ሰፈሩ ገብቶ ወታደሮችን ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። ሰዎቹ ፊደል ለመያዝ የነበራቸውን ጥድፊያ ሲያይ ሐሳቡ ሰፋ፤ በተለይ ለተራራው ነጭ ድኻ ታስቦ የነበረው ኮሌጅ ከባርነት ለወጣውም እንዲሆን ወሰነ። ይህ ውሳኔ ምን ያህል ሥር እንደያዘ ያሳየው ግን የምግብ አዳራሹ ነው። በ1865 ቤል ሚቸል የተባለች የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ለመምህርነት ቀጠረና ከሌሎቹ መምህራን ጋር ለምግብ አስቀመጣት። ነጮቹ መምህራን፣ ጥቁሮችን ለማስተማር ብለው ከሩቅ የመጡት ሰዎች፣ ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡ። ፊ እንዲያስወጣት ተለመነ፣ እንቢ አለ። ፊ ለጉዳይ ከሰፈሩ ሲርቅ ግን ኃላፊዎቹ አሰናበቷት።

ይህ ነገር ለፊ ትልቅ ትምህርት ነበር ብዬ አምናለሁ። ድኻን ለመርዳት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ ከድኻው ጋር ለመቀመጥ ፈቃደኛ እንዳልሆነ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ለቤርያ ያወጣቸው ደንቦች ከክፍል ይልቅ ስለ መኝታ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ መሬትና ስለ ጉርብትና ይበልጥ የተጨነቁት ለዚህ ይመስለኛል። ቤል ሚቸልም ኋላ በቤርያ ተምራ፣ ሌክሲንግተን ከተማ ውስጥ ለወላጅ አልባ ጥቁር ሕጻናት ማሳደጊያ ከመሠረቱት ሴቶች አንዷ ሆነች።

ከ1866 እስከ 1889፦ እኩል በእኩል

በ1859 የተሰደዱት መምህራን ወደ ቤርያ ተመለሱ፤ በ1866 መጀመሪያ ትምህርት ተጀመረ። በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተማሪዎች በበሩ ሲገቡ ከነጮቹ ግማሽ ያህሉ መጻሕፍታቸውን ሰብስበው ወጡ። መምህራኑ ማንንም አልለመኑም። ከወጡት ጥቂቶች እየቆዩ ተመለሱ፣ ሌሎች መጡ። በዚያ የመጀመሪያ ሙሉ ዓመት ከተመዘገቡት 187 ተማሪዎች 96ቱ ጥቁሮች፣ 91ዱ ነጮች ነበሩ።

ያን ጊዜ በደቡቡ አገር ምን እየሆነ እንደነበር ያስታወሰ ሰው የቁጥሩን ክብደት ይረዳዋል። የባሪያ ሥርዓት ከወደቀ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያኖች በየቦታው ይቃጠሉ ነበር። ቤርያ ላይ ግን የቀድሞ ባሪያና የሰሜኑን ጦር የተዋጋ ሰው ልጅ አንድ ሰሌዳ ያያሉ። ከካምፕ ኔልሰን የመጣው የጥቁሮች ጦር አሥር አለቃ አንገስ በርሊ ትልቅ ሰው ሆኖ ከሕጻናት ጋር ፊደል ጀመረ፤ በ1875 የኮሌጅ ዲግሪ ያዘ። ጁሊያ ብሪተን የተባለች ጥቁር ወጣት ለነጭም ለጥቁርም ተማሪ ሙዚቃ አስተማረች። ጥቁር መምህር ነጭ ተማሪን ሲያስተምር ማየት በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብርቅ ነበር።

መንደሩም እንዲሁ ታቀደ። ፊና ባልደረቦቹ መሬት እየገዙ በትናንሽ ቁራሽ ለነጭና ለጥቁር ቤተሰብ ሲሸጡ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተሰባጥሮ እንዲሰፍር አደረጉ። የጥቁር ሰፈር፣ የነጭ ሰፈር የሚባል እንዳይኖር ነው። ጉዳዩ እስከ ጋብቻ ጫፍ ሄደ፤ በ1872 የኮሌጁ ቦርድ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል መቀራረብንና መተጫጨትን እንደማይከለክል ወሰነ። ይህን በኬንታኪ ምድር በዚያ ዓመት በጽሑፍ ማስፈር ከድፍረትም በላይ ነበር።

ከ1869 ጀምሮ ለ20 ዓመት ኮሌጁን የመራው ከኦበርሊን የመጣው ሄንሪ ፌርቻይልድ ነው። የቤርያን ወርቃማ ዘመን የምንለው የእርሱን ነው። ከበሩ የወጡት ጥቁር ተመራቂዎች በየገጠሩ የተከፈቱትን የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ኮሌጁ የያዘው መሪ ቃል እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም መፍጠሩን የሚመሰክር ነው፤ መነሻውም ጳውሎስ በአቴና የተናገረው ነው። በዚያ ዘመን መሪ ቃሉን ማብራራት አያስፈልግም ነበር፤ የምግብ አዳራሹን ማየት ይበቃ ነበር።

ከ1892 እስከ 1903፦ ቀስ ብሎ የዘመመው ሚዛን

ብዙዎች ቤርያ ጥቁር ተማሪዎቿን ያጣችው በሕግ ተገድዳ ነው ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሚዛኑ መዝመም የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ ከ12 ዓመት በፊት ነው።

በ1892 ዊሊያም ጉድል ፍሮስት ፕሬዚዳንት ሆኖ መጣ። ታታሪ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ገንዘብ በማሰባሰብ ወደር ያልተገኘለት ሰው ነበር። ኮሌጁን ባዶ ካዝና ይዞ ነው ያገኘው። የሰሜኑ ለጋሾች ከባርነት የወጡትን ሰዎች የመርዳት ስሜታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ፍሮስት ተራራ ለተራራ በፈረስ እየዞረ ያያቸው ነጭ ድኾች ግን ለለጋሹ አዲስ ታሪክ ሆኑለት። በ1899 አትላንቲክ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የተራራውን ሰው ከጊዜ ወደ ኋላ የቀረ፣ የጥንቶቹን ሰፋሪዎች አኗኗር ጠብቆ ያቆየ የአገሪቱ ዘመድ አድርጎ አቀረበው። ገንዘቡ መጣ። ተማሪውም መጣ፣ ወደ ሺህ ተጠጋ።

የመጣው ተማሪ ግን ከሞላ ጎደል ነጭ ነበር። የጥቁሮቹ ድርሻ ከግማሽ ወርዶ፣ ክፍለ ዘመኑ ሲለወጥ ከአምስት አንድ አይሞላም ነበር። በ1872 የተፈቀደው መቀራረብ ተሻረ። ሽማግሌው ጆን ፊ ይህን እያየ ተቃወመ፤ ቤርያ የተመሠረተችው ለዚህ አይደለም እያለ ጻፈ፣ ተናገረ። የሰማው አልነበረም። በጥር 1901 በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

ፍሮስትን እንደ ክፉ ሰው መሣል ይቀላል። የተራራው ልጆች ችግር እውነተኛ ነበር፣ እርሱም ሕይወቱን ሰጥቷቸዋል፤ ኮሌጁ እስከ ዛሬ የሚታወቅበትን ከክፍያ ነጻ ትምህርትም የጀመረው ከ1892 ነው። ጥፋቱ አንዱን ድኻ ሲያቅፍ ሌላውን በቀስታ ከእቅፉ ማውጣቱ ነው። ከለጋሾች ፊት ቆሞ ስለ ጥቁሩ ተማሪ ዝም ባለ ቁጥር የቤርያ ገበታ በአንድ ወንበር ይቀንስ ነበር።

ካርተር ውድሰን የተማረው በእነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ከባርነት የወጡ ወላጆች ልጅ፣ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሠራ፣ በ20 ዓመቱ ገና ሁለተኛ ደረጃ የገባ ሰው ነበር። በ1903 ከቤርያ ተመረቀ። በ1912 በሃርቫርድ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በ1926 የጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትም ዛሬ ወር ሆኖ ይከበራል። ከተመረቀ በዓመቱ እንደ እርሱ ያለ ተማሪ በቤርያ በር መግባት በሕግ ተከለከለ።

ከ1904 እስከ 1912፦ የዴይ ሕግ

በጥር 1904 ካርል ዴይ የተባለ፣ ከብሬቲት ወረዳ የተመረጠ ሰው ለኬንታኪ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ አቀረበ። ነጭና ጥቁርን በአንድ ላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲቀጣ ነው። በግዛቱ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ስለነበር ሕጉ ለማን እንደተሰፋ ለማንም አልተሰወረም። ቅጣቱ ለተቋሙ 1,000 ዶላር፣ ከዚያም በየቀኑ 100 ዶላር ነው፤ መምህሩም ተማሪውም የየራሱ መቀጮ አለው። ለጥቁሮች ለብቻ ቅርንጫፍ ቢከፈት እንኳ ቢያንስ 25 ማይል መራቅ አለበት ይላል። በታችኛው ምክር ቤት 73 ለ5፣ በላይኛው 28 ለ5 ድምፅ ጸደቀ።

ኮሌጁ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አደረገ። በአንድ በኩል ሕጉን ፍርድ ቤት ገተረው፤ በሌላ በኩል ለሕጉ ታዘዘ። ጥቁር ተማሪዎቹ በቴነሲ ወደሚገኙት ፊስክና ኖክስቪል፣ በቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሃምፕተን ወደተባሉ ትምህርት ቤቶች ሲሄዱ የባቡር ቲኬታቸውን ከፈለ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የቀሩት ነጭ ተማሪዎች ለሄዱት ጓደኞቻቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ የተቀሙትን ዕድል እኛ ብቻችንን ስንቀመጥበት መጀመሪያ ወደ ልባችን የመጣችሁት እናንተ ናችሁ የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው።

ክሱ ከወረዳ ወደ ግዛት፣ ከግዛት ወደ ዋሽንግተን ወጣ። በኅዳር 1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ በኮሌጁ ላይ ፈረደ። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ብሩወር፣ ሚሲዮናዊ ቤት የተወለደ ሰው፣ ዋናውን ጥያቄ ሸሸው። ቤርያ ከግዛቱ ፈቃድ ያገኘ የሕግ ሰውነት ስለሆነ ግዛቱ የሰጠውን ፈቃድ ሊያሻሽል ይችላል ብሎ አለፈ። በ1896 ጥቁሮችን በባቡር የለየውን ሕግ ብቻውን የተቃወመው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን እዚህም ተቃወመ። እርሱ ራሱ ኬንታኪያዊ፣ ከባሪያ አሳዳሪ ቤት የተወለደ ነው። ዜጎች ወደው በአንድ ክፍል ሲማሩ መንግሥት በምን ሥልጣን ይለያቸዋል፣ እንዲህ ከሆነ በሰንበት ትምህርት ቤትና በጌታ እራት ዙሪያ አብረው መቀመጣቸውንም ሊከለክል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ስለ ቤርያ ከተጻፈው ሁሉ የነገሩን ልብ የነካው ይህ ጥያቄ ነው።

ከፍርዱ በኋላ ለጥቁሮች ሌላ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ተወሰነ። አንድሩ ካርኔጊ 200,000 ዶላር ሰጠ፣ ሌላው ከለጋሾች ተሰበሰበ፤ በ1912 በሼልቢ ወረዳ ሊንከን ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከቤርያ የተመረቁ ጥቁሮች መካከል በዚህ ክፉኛ ያዘኑ ነበሩ። ቤርያን ቤታችን ነው ይሉ ነበርና፣ ከቤት ወጥቶ በሩቅ ሌላ ጎጆ ቢሠራለት ማን ደስ ይለዋል? አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን ፍሬ አፍርቷል፤ በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን ናሽናል ኧርባን ሊግን የመራው ዊትኒ ያንግ በዚያ ግቢ ተወልዶ ያደገ ነው፣ አባቱ ያስተዳድሩት ነበር።

ከ1912 እስከ 1950፦ የሥራ ኮሌጅ

በነዚህ ዓመታት ቤርያ የተራራው ነጭ ድኻ ኮሌጅ ሆና ቆየች፤ በዚያ በኩል የሠራችው ቀላል አልነበረም። እያንዳንዱ ተማሪ ይሠራል፤ ሸማኔው፣ መጥረጊያ ሠሪው፣ አናጢው፣ ላም አላቢው፣ በ1909 የተከፈተውን ቡን ታቨርን የተባለ ሆቴል የሚያስተናግደው ተማሪው ነው። የሀብታም ልጅ ገንዘብ ከፍሎ ከሥራ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም፤ ይልቁንም ሀብታም አይገባም ነበር። በ1920 ቦርዱ ለልዩ ዓላማ ያልተሰጠ ኑዛዜ ሁሉ ወደ ቋሚ ካፒታል እንዲገባ ወሰነ። በወቅቱ ማንም ያላስተዋለው ይህ ውሳኔ ነው ኮሌጁን ዛሬም ያለ ክፍያ ማስተማሩን እንዲቀጥል ያስቻለው።

መሪ ቃሉ በማኅተሙ ላይ ነበረ። ለ46 ዓመት ግን ከአንድ ደም የተፈጠሩት ሕዝቦች በግቢው አብረው አልተማሩም።

ከ1950 ወዲህ፦ የመመለሻው መንገድ

የመለያየቱ ግንብ መጀመሪያ የተሰነጠቀው ከቤርያ ውጭ ነው። በ1949 ላይማን ጆንሰን የተባለ ጥቁር መምህር የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን ከስሶ በሩን አስከፈተ። በ1950 የግዛቱ ምክር ቤት የዴይ ሕግን አሻሽሎ ኮሌጆች ከፈለጉ ጥቁሮችን እንዲቀበሉ ፈቀደ። በፕሬዚዳንት ፍራንሲስ ሃቺንስ የምትመራው ቤርያ በዚያው ዓመት በሯን ከፈተች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት ዘር መለየትን ሕገ ወጥ ያደረገው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

መመለሱ እንደ መውጣቱ ፈጣን አልነበረም። የመጡት ጥቁር ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መምህራኑ ሁሉ ነጭ፣ ኮሌጁ የሚያገለግለው ተራራማ አገርም በአብዛኛው ነጭ ነበር። በ1965 ተማሪዎች ኮሌጁን ወክለው ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ በሚደረገው የሲቪል መብት ሰልፍ ለመሳተፍ ድጋፍ ሲጠይቁ አስተዳደሩ በኮሌጁ ስም አልፈቀደም፤ ተማሪዎችና መምህራን በራሳቸው ሄዱ። የፊ ኮሌጅ ያን ቀን ከተማሪዎቹ ኋላ ቀረ። በ1969 ግን ቤርያ “ታላላቅ ኪዳኖች” የተባለውን የዓላማ መግለጫ አጸደቀች። ከኪዳኖቹ አንዱ የአፓላቺያን ተስፋ ያላቸው ድኻ ልጆች፣ ጥቁሩንም ነጩንም፣ በስም ጠርቶ ያስተምራል። ሌላው የክርስትናን ፍቅር በሥራ መግለጥን፣ ሌላው የዘሮች መተሳሰብን ይናገራል። ፍሮስት ዝም ያለበት ቃል እንደገና በጽሑፍ ገባ።

በ2004 የኬንታኪ ልጅ የሆነችው ጸሐፊ ቤል ሁክስ ከኒው ዮርክ ተመልሳ በቤርያ ማስተማር ጀመረች። በ2021 እስክታርፍ ድረስ ኮረብታው ላይ ኖረች፤ ስለ ፍቅርና ስለ መግባባት የሚያነቧትን ከየአገሩ እየሳበች ግቢውን አሰፋችው። በካርተር ውድሰን ስም የተሰየመ ማዕከልም በግቢው ተከፍቷል።

ዛሬ ቤርያ 1,500 ያህል ተማሪዎች አሏት። የትምህርት ክፍያ የለም። ለመግባት ችሎታና ድህነት አብረው ይመዘናሉ፤ የከፍተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ በክፍያም ቢሆን ቦታ አያገኝም። ሁሉም በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ከአሜሪካ ውጭ ከብዙ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ክርስቲያን ያልሆነውም በእምነቱ ሳይጠየቅ ይቀመጣል፣ ፊ የትኛውም የእምነት ክፍል የበላይ እንዳይሆን የደነገገው ደንብ አልተሻረምና። የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር ከ1950 ወዲህ አድጓል። በ1866 የነበረው 96 ለ91 ግን እስካሁን አልተመለሰም።